ምትክ መሬት

ውጫሌ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሃምሳ አለቃ ዝናው

እንደምን ከረምክልኝ? በሰው አገር የሚጠብቅህ አምላክ ጥይቱንም ወባውንም ያርቅልህ። እኛ ደኅና ነን። ሔለን በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ ነው። ስሙን አንተ እስክታወጣለት ማሙሽ እያልነው ነው። ትልቋ ልጅህ "አባባ መቼ ነው የሚያየው?" እያለች ታስቸግረናለች።

በስልክ የጀመርኩልህን ልጨርስልህ። መስመሩ ሲቆራረጥ ከኋላህ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ሲስቁ ሰማሁና አፍሬ ዘጋሁት። ዕጣው ወጥቶልናል! የወታደር ቤተሰቦች የመኖሪያ ቤት ማኅበሩ መሬቱን ተረክቧል። ሔለን አራስ ስለነበረች በሰጠኸኝ ውክልና እኔ ገባሁ። ሣጥኑ ውስጥ እጄን ከትቼ ወረቀቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷማ ከደስታዋ ብዛት መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ቦታው ከሐይቅ ከተማ ጫፍ ነው። ሜዳ ነው፤ ቁልቁል ውኃውን ያያል። ሌላ ምን ልበልህ? ጥሩ መሬት ነው።

የሔለን አከራይ ጠባይዋን አላሻሻለችም። ባለፈው ሳምንት አራሷን ልትጠይቅ ገብታ "ባልሽ አንድ ነገር ቢሆን ኪራዩን ማን ይከፍለኛል?" አለቻት። ስለዚህ ቶሎ መሠረት መጣል አለብን። የቻልከውን ያህል ላክልን።

እህትህ ለተብርሃን

*

ደቡብ ሱዳን፣ ከሰላም ማስከበር ካምፕ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2010 ዓ.ም.

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእታለም

ሰላምታዬ ከዚህ ከአሸዋና ከትንኝ አገር ተነስቶ የአምባሰልን ተራራ ይሻገርና ደጃፍሽ ይድረስ። ወረቀትሽን ለጓዶቼ አነበብኩላቸው። ትልልቅ ወንዶች እንደ ሕፃን ዘለሉ። ልጁን ምንይችል በሉልኝ።

እታለም፣ እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። አባታችን ግንባር ላይ ሲሞት ካምፑን ልቀቁ ተብለን እናታችን የጭነት መኪና ላይ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ሐይቅ ገባች። የወታደር ቤት እንዲህ ነው፤ ወታደሩ ሲወድቅ ጣሪያውም አብሮ ይወድቃል። ያን ቀን አባባ ሙሐዲን ባይኖሩ የት እንወድቅ ነበር? "የጓደኛዬ ልጆች ደጅ አያድሩም" ብለው ጎታቸውን ከነእህሉ ወደ ውጭ አውጥተው ክፍሉን ለእኛ ለቀቁልን። እህሉን ነቀዝ በላው፤ እኛ ግን አደግን።

ስለዚህ አንድ ነገር አደራ። መሠረቱ ሲጣል የመጀመሪያውን ድንጋይ አባባ ሙሐዲን ያስቀምጡልኝ። ሚስታቸው እማማ አሲያም ትምጣ። ዱዓ ያድርጉልን። ያለ እሳቸው ምርቃት የቆመ ቤት ቤት አይሆነኝም።

ብሩን በሔለን ስም ልኬያለሁ። ይፍጠን። የሚቃወም ገበሬ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ነገሩ ሳይጓተት ቶሎ ጀምሩ። ጎረቤቶቻችን እነማን ናቸው? መሬቱስ ቀድሞ የማን ነበር? ንገሪኝ እንጂ፣ በዓይነ ኅሊናዬ ልየው።

ወንድምሽ ዝናው

*

ውጫሌ፣ የካቲት 11 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዝናው

ጤናህን እንደ ምኞቴ ያድርግልህ። መልሴ የዘገየው የተማሪዎቼ ፈተና ስለነበረ ነው።

መሠረቱ ተጣለ። ድንጋዩ ከተራራው ሥር መጣ፤ አናጢውም ግንበኛውም ታማኝ ሰዎች ናቸው። ቄሱ ጸበል ረጩልን። ሔለን ምንይችልን አዝላ ቆማ ነበር፤ "እዚህ ጋ መስኮት፣ እዚህ ጋ አልጋ" እያለች በባዶው መሬት ላይ ስትመላለስ ብታያት!

አባባ ሙሐዲን አልመጡም። አልተመቻቸውም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እማማ አሲያም እሳቸውን ትታ አልመጣችም።

ማኅበሩ ለሲሚንቶውና ለብረቱ የሌሊት ዘበኛ ቀጥሯል። ሽማግሌ ናቸው፤ ግን አንዲት ምስማር አትጠፋም። ከሐይቁ የሚነሳው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እሳቸው የሚለብሱት ደግሞ ስስ ጋቢ ነው። የድሮው ወታደራዊ ካፖርትህ ካለ ብትልክላቸው ጽድቅ ነው። ለእኔ ስትል ላከው።

ስለ ጎረቤቶች ጠይቀኸኝ ነበር። ገና ማንም አልገባም።

እህትህ ለተብርሃን

*

ደቡብ ሱዳን፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእታለም

ለበዓሉ እንኳን አደረሰሽ። ካፖርቱን ሀሚዱ ይዞት ይመጣል። ሀሚዱ የእኛው አገር ልጅ ነው፤ ለፈቃድ ተሁለደሬ እየመጣ ነው። እጅ በእጅ ለዘበኛው እንዲሰጥ ነግሬዋለሁ። ለሽማግሌው "ቤቴን ስለጠበቁልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስመጣ ጉልበት እስማለሁ" በይልኝ።

እታለም፣ ወረቀትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ድንጋዩ ብዙ ጽፈሽ ስለ አባባ ሙሐዲን ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው። ታመዋል? የከፋ ነገር አለ? ሞተው እንደሆነም አትደብቂኝ። እኔ ወታደር ነኝ፣ መርዶ ለምጃለሁ።

ለጣሪያው የሚሆነውን በሚቀጥለው ወር እልካለሁ።

ወንድምሽ ዝናው

*

ደቡብ ሱዳን፣ ሰኔ 9 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተብርሃን

ሀሚዱ ተመለሰ።

ካፖርቱን ይዞ ሐይቅ ሄደ። "ዘበኛው የት ናቸው?" ሲል ከቆርቆሮዋ ጎጆ አባባ ሙሐዲን ወጡ። "ከማን ነው?" አሉት። "ከቤቱ ባለቤት፣ ከሃምሳ አለቃ ዝናው" አላቸው። ካፖርቱን አገላብጠው አዩትና "ዝናው ዘበኛው እኔ መሆኔን ያውቃል?" ብለው ጠየቁት። ሀሚዱ "እንጃ" አለ። "እንግዲያው እለብሰዋለሁ። ካወቀ በኋላ ግን አልለብሰውም" አሉት።

ሀሚዱ ይህን የነገረኝ እየበላን ሳለ ነው። ቦታው ቀድሞ የማን እንደነበረም እዚያው ሰምቷል። ቤቴ የቆመው በእሳቸው ማሳ ላይ ነው። በበሬያቸው እርሻ የተማርኩበት፣ ጤፉን ያጨድንበት ማሳ! እሳቸው ደግሞ ሌሊት ሌሊት ሲሚንቶዬን ይጠብቃሉ። እኔም ከዚህ ሆኜ አሮጌ ልብሴን ወረወርኩላቸው።

ዱዓ እንዲያደርጉልኝ ለምኜሽ ነበር። ያን ስታነቢ ምን ተሰማሽ? ሁሉንም ጻፊልኝ።

ዝናው

*

ውጫሌ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወንድሜ

ሰላም ላንተ ይሁን። "እታለም" ሳትለኝ የጻፍከው የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ይገባኛል።

ዕጣውን ሳወጣ አላወቅሁም ነበር። በማግስቱ ችካሉን ሊያሳዩን ሲወስዱን ግን ገና ከመንገዱ ሳልወርድ አወቅሁት። ዳር ያለችውን ግራር የማላውቃት ይመስልሃል? "አይ፣ ይህ አይሆንም" ማለት እችል ነበር። ሔለን ከአራስ ቤቷ "እንዴት ነው? ያምራል?" ብላ ደወለችልኝ። "ያምራል" አልኳት። ከዚያ በኋላ ቃሉ መመለሻ አጣ።

የባሰውን ልንገርህ። ከዕጣው በኋላ ቦታ ቦታችንን ስንረከብ ስብሰባ ነበር። ገበሬዎቹም እኛም በተቀመጥንበት "ምትክ መሬት ተለክቶ ሳይሰጣቸው አንድም ድንጋይ አይጣልም" ተብሎ ቃል ተገባ። በቃለ ጉባኤው ላይ ግን አልተጻፈም። አባባ ሙሐዲንና ሌሎቹ አቤት ሲሉ የወረዳው የመሬት ኮሚቴ "ምስክር አምጡ" አላቸው። ታኅሣሥ ውስጥ እሳቸው ውጫሌ ድረስ በሚኒባስ መጡ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። "ልጄ፣ ለእኔ አድሊ አልልሽም። በጆሮሽ የሰማሽውን ብቻ ተናገሪልኝ" አሉኝ። "እሺ አባባ፣ አብሽሩ፣ አይዞዎት" አልኳቸው።

በቀጠሮው ቀን ሐይቅ ሄድኩ። ከመኪና ወረድኩ። ወደ ኮሚቴው ግን አልሄድኩም። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ በእግሬ ሄጄ፣ ሴት ከማታልፍበት ድንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። እጸልያለሁ ብዬ ነበር፤ አልጸለይኩም። የአንተ "ቶሎ ጀምሩ" የሚለው ወረቀት በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ግንባታው ከቆመ ሔለን ከነልጆቿ ሌላ ክረምት በሰው ቤት ትገባለች ብዬ አሰብኩ። ማታ ተመልሼ እሳቸው ሲደውሉ ስልኩን ሳላነሳ ቀረሁ። የእነሱም አቤቱታ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ ስጠይቃቸው የሚመልሱልኝ ሰላምታዬን ብቻ ነው።

ቦታውን እንመልስ ትል ይሆናል። ጠይቄያለሁ፤ ብንመልሰው ለተጠባባቂ አባል ይሰጣል እንጂ ለእሳቸው አይመለስም። ለሔለን እውነቱን ስነግራት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? "ባሌ በበረሃ እየተቃጠለ ነው። እኔ በየዓመቱ ዕቃዬን ተሸክሜ እዞራለሁ። ልጄ 'ውኃ አታፍስሺ' እየተባለች በጣቷ ጫፍ መራመድ ለምዳለች። ለእኔስ ማን አዘነልኝ?" ደግሞም እውነቷን ነው።

ግድግዳው አልቋል። ጣሪያ የለውም፤ ዝናቡ እየገባበት ነው።

ለተብርሃን

*

ደቡብ ሱዳን፣ መስከረም 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእታለም

አዲሱ ዓመት ከዚህ ሸክም የምንቀልበት ያድርግልን።

ልቆጣሽ ተቀምጬ ነበር። "ይፍጠን፣ የሚቃወም ገበሬ አለ" ብዬ የጻፍኩት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። የሚቃወመው ገበሬ ስም ያለው አልመሰለኝም ነበር። እዚህ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎችን እንጠብቃለን። ሌት ተቀን በመንደራቸው ዙሪያ እንዞራለን፤ ሽማግሌዎቻቸው ሲያመሰግኑን ደረቴን እነፋ ነበር። አሁን ዓይናቸውን ማየት አፍራለሁ።

አንድ ሐሳብ አለኝ። ከቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል ጨምረን ለአባባ ሙሐዲንና ለእማማ አሲያ እንስጣቸው። ዘበኝነቱን ይተዉ፤ ከደመወዜ እቆርጥላቸዋለሁ። ሄደሽ ለምኚልኝ። እኔ እንደለመንኳቸው ቁጠሪው።

ወንድምሽ

*

ውጫሌ፣ ኅዳር 25 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዝናው

የሰማይ አምላክ ከአንተ ጋር ይሁን። ሄድኩ። እማማ አሲያ በሩን ከፍታ "ግቢ" አለችኝ እንጂ እንደ ድሮው አልሳመችኝም። አባባ ሙሐዲን ካፖርትህን አጥፈው መደብ ላይ አስቀምጠውታል። "ይኸው፤ አሁን አውቋል አይደል?" አሉኝ።

ያልከውን ነገርኳቸው።  ከዚያ፣ "በገዛ ማሳዬ ላይ ጥገኛ ልሁን? ያኔ ጎታዬን ያወጣሁት በኋላ ክፍል ትመልሱልኛላችሁ ብዬ አልነበረም" አሉኝ። አለቀስኩ። "አታልቅሺ። ልቅሶሽ ለእኔ ምኔም አይደለም። ኮሚቴው ሐሙስ እንደገና ይቀመጣል። ከመጣሽ እዚያ ነይ" አሉኝ።

ሄድኩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሻምበል ከበደ ሲያየኝ ለእኛ ልናገር የመጣሁ መስሎት ወንበር ሳበልኝ። ተነስቼ የሰማሁትን ተናገርኩ፤ ማን ቃል እንደገባ፣ ማን እንዳጨበጨበ። ሻምበሉ "መምህር፣ አንቺ የማን ወገን ነሽ?" አለኝ። "የሰማሁትን ነው የተናገርኩት" አልኩት።  አባባ ሙሐዲን አቀርቅረው ነበር፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ኮሚቴው ምትክ መሬቱ እስኪለካ ግንባታው በሙሉ ይቁም ብሎ ወሰነ። የእኛ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ወታደር ቤት ቆመ።

ስወጣ ዑምኩልሱም ጠበቀችኝ። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቦታ የእሷ ነው። ባሏ ባለፈው ዓመት ድንበር ላይ የሞተባት፣ ልጆቿን ይዛ በዘመድ ቤት የተጠጋች ሴት ናት። "አንቺስ ኅሊናሽን አጠብሽ። እኔ ልጆቼን የት አስገብቼ ላጥባቸው?" አለችኝ። 

ሔለን እንደገና ቤት ለቀቀች። አታናግረኝም።

እህትህ

*

ደቡብ ሱዳን፣ ጥር 30 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእታለም

በጤና ያቆይሽ። ሔለን ደወለችልኝ። እየተናገረች ሳለ ከኋላዋ ምንይችል ሲያስል ሰማሁ፤ አዲሱ ክፍል እርጥበት አለው አለችኝ። "እህትህ ትክክል ናት ወይስ አይደለችም? አንድ ነገር በል" አለችኝ። "ትክክል ናት" አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

ያላየኝ፣ እኔም ያላየሁት ልጄ በእኔ ቃል እርጥበት ላይ ይተኛል። ቃሌን ግን አላጥፍም። አንቺም አታጥፊ። ለዑምኩልሱም ትንሽ ልኬያለሁ። ከማን እንደሆነ አትንገሪያት።

ዝናው

*

ውጫሌ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዝናው

ለፋሲካው በሰላም ያድርስህ። ምትኩ ተለካ። ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። ከድሮው ማሳ ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ ድንጋዩ ደግሞ ከአፈሩ ይበዛል። አንዳንዶቹ ገበሬዎች "ይህ መሬት ነው?" ብለው አንፈርምም አሉ። አባባ ሙሐዲን ፈረሙ። "ዕድሜዬ ክርክር አይጨርስም" አሉ።

ግንባታውም ተፈቀደ። የእኛም የዑምኩልሱምም ጣሪያ በአንድ ሳምንት ለበሰ። ሔለን ገብታለች። የገባች ዕለት ልጅህ ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? ከበር እስከ በር ጫማዋን እያንኳኳች ሮጠች። ሔለን "ተያት፣ የራሷ ወለል ነው" አለችኝ። ያናገረችኝ ያኔ ነው።

አባባ ሙሐዲንን ለቤት ምርቃቱ ጠራናቸው። አልመጡም፤ እማማ አሲያ ግን እንቁላል በጨርቅ ቋጥራ ላከች።

የፈቃድህ ጊዜ ደርሷል ብላኛለች ሔለን። በደኅና ግባ።

እህትህ ለተብርሃን

*

ደቡብ ሱዳን፣ ሰኔ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእታለም

በሰላም ደርሻለሁ። እንደወጣሁ አልቀረሁም፤ ተመስገን።

ፈቃድ ላይ ሳለሁ "አባባ ሙሐዲን ምን አሉህ?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ዝም ብዬሽ ነበር። አፌ እምቢ ስላለኝ ነው፤ ወረቀት ላይ ይቀለኛል።

በደረስኩ ማግስት ጠዋት ማንንም ሳልቀሰቅስ ወጥቼ አርዲቦ ሄድኩ። በተዋሱት በሬ ያርሳሉ። ማረሻው በየእርምጃው ድንጋይ ይመታል። ያዩኝ መሰለኝ፤ ግን በሬውን አላቆሙም። ጉልበት ልስም ተጎነበስኩ፤ "ውጣ ከመስመሩ፣ በሬው ይደነግጣል" አሉኝ። የማደርገው ጠፋኝ። ቡትስ ጫማዬን አውልቄ ከኋላቸው እየተከተልኩ ማረሻው የሚያወጣውን ድንጋይ እየለቀምኩ ዳር መቆለል ጀመርኩ። ፀሐይ እስክትከር ድረስ ለቀምኩ።

በሬውን ሲፈቱ፣ "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

እሳቸው ላባቸውን ጠረጉ። "ዝናው፣ ይቅርታ ልትወስድ ከመጣህ ዛሬ የለኝም። ነገም ይኑረኝ አይኑረኝ አላህ ያውቃል። ድንጋይ ልትለቅም ከመጣህ ግን ነገም ና" አሉኝ።

በማግስቱም ሄድኩ። ከዚያም በኋላ። ሔለን "ስንት ዓመት የናፈቅነውን ቤት ትተህ የት ነው የምትውለው?" ስትለኝ ነገርኳት። ተቆጣች፤ በኋላ ግን ምሳ መቋጠር ጀመረች። ማታ ማታ ቤቱ ውስጥ ስተኛ አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ አንዳንዴ ግድግዳውን እያየሁ አነጋለሁ። ቤቴን እወደዋለሁ፤ ይህም ያሳፍረኛል።

ፈቃዴ አለቀ፤ ድንጋዩ ግን አላለቀም። ክረምቱ ሳይበረታ ከላይ ያለው ጥግ ካልጸዳ ዘንድሮ አይዘራም። እስከ ዛሬ አንቺ ከእኔ ለሲሚንቶ፣ ለቆርቆሮ ስትጠይቂኝ ኖረሻል። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት የለሽም። እንድትታረቂ አይደለም። ድንጋይ እንድትለቅሚ ነው።

ወንድምሽ ዝናው

*

ውጫሌ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዝናው

ቸር ያሰማህ። እጄ ስለቆሰለ ጽሑፌ ቢበላሽ ይቅር በለኝ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። አባባ ሙሐዲን አዩኝና ማረሳቸውን ቀጠሉ። እማማ አሲያ በቀትር ንፍሮ ይዛ መጣች፤ ለእሳቸው ሰጠች፣ ከዚያ ለእኔም ዘረጋችልኝ። "ውጫሌ ድረስ በዚህ ዝናብ ልትመለሺ ነው?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። 

ባለፈው ቅዳሜ ከሐይቅ ወደ ማሳው ልሄድ ስል ሔለን ምንይችልን አዝላ፣ ትልቋን ልጅ አስከትላ መኪና መሳፈሪያው ላይ ቆማ አገኘኋት። አልጠራኋትም ነበር። "ምን ታይኛለሽ?" አለችኝ። "በእሳቸው ማሳ ላይ የምኖረው እኔም ነኝ።" ማሳው ላይ ስንደርስ አባባ ሙሐዲን ልጆቹን አዩ። በሬውን አቆሙ። ወደ ሔለን ዞረው፣ "ሕፃኑን ከጥላው አስቀምጪው" አሏት፤ "አንቺ ከዚያ ጥግ ጀምሪ።"

የላይኛው ጥግ ጸድቷል። ሰኞ ይዘራሉ።

እህትህ ለተብርሃን